የደብሪቱ ይመር ሃያኛ ሥልጠና

ደብሪቱ ይመር የወለደች ሴት ደም አልቆም ሲላት ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። ሃያ ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። በሁለት ሺህ ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግን እንደማታውቅ በጣቷ አረጋገጠች። እንዲህ ስታደርግ ሃያኛ ጊዜዋ ነበር።

ቦታው የወረዳው የሥልጠና አዳራሽ ነው። ከሠላሳ አንድ ጤና ኬላ የመጡ ሠላሳ አንድ ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው ፊት ለፊታቸው በቆመ መስታወት ላይ ጥያቄ እያነበቡ ይነካሉ። ማንም አያስልም፣ ማንም ወደ ጎን አያይም። መስታወቱ ዓይናቸውን ያያልና ዓይን መስረቅም አይቻልም።

ጥያቄ ዐሥራ አንድ እንዲህ ይላል፤ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ ባይቆም በመጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? አራት ምርጫ አለው። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው፤ ማህፀኗን እያሹ ደም ማቆሚያውን መርፌ መውጋት። ደብሪቱ አራተኛውን ነካች፤ ሆዷን በመቀነት ጥብቅ አድርጎ ማሰር። በየዓመቱ የምትነካው እሱን ነው። ለአዲስ ገቢዎቹም የምትመክረው ይህንኑ ነበር፤ "ማይም የሚስተውን ሳቱ እንጂ እብድ የሚስተውን አትሳቱ። መዛኝ የገጠር ሴት ድንቁርና ሲያይ ደስ ይለዋል።"

እንግዲህ ነገሩ ለሰማው ሁሉ እብደት ነው፤ ግን እብደቱ ሥርዓት አለው። ሥልጠና የሚመዘነው በለውጥ ነው። ሠልጣኟ ማክሰኞ በቅድመ ፈተናው ያላወቀችውን ዓርብ በድኅረ ፈተናው ካወቀች ሥልጠናው ሠርቷል ይባላል። ማክሰኞም ዓርብም ካወቀች ለውጥ የለም። ለውጥ ሲጠፋ ጥፋቱ የሥልጠናው ሊሆን አይችልም፣ ሥልጠናው በሊቃውንት የተዘጋጀ ነዋ። ጥፋቱ የሴትዮዋ ይሆንና መዝገቡ ላይ "ለውጥ የለሽ" ተብላ ትሰናበታለች። ለቀባሪው አረዱት ይሉ የለ? እዚህ ቀባሪው መርዶውን ሲሰማ ገና እንደሰማ ሆኖ ማልቀስ አለበት፤ ካላለቀሰ ከሥራ ይባረራል።

ዘይነባ የምትባል የደብሪቱ ጓደኛ ነበረች፤ አራት መቶ ሕፃናት ያዋለደች፣ እጀ ወርቅ። አንድ ዓመት እልህ ያዛትና ቅድመ ፈተናውን አንድም ሳትስት ሠራችው። በሳምንቱ ለውጥ የለሽ ሆነች። አሁን ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ምጥ የያዛት ሴት አይታ እጇን ብትዘረጋ ወንጀል ነው። ከዚያ ወዲህ በወረዳው ውስጥ እልህ የሚባል ነገር አልታየም።

የዚያን ማክሰኞ መዛኙ ሱራፌል የሚባል የሠላሳ ዓመት ሰው ነበር። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። የመጨረሻዋ ሴት የመጨረሻውን ጥያቄ ነክታ መስታወቱ ሲጠፋ ጠብቆ ከመድረኩ ተናገረ።

"ከዛሬ ጀምሮ አንድ ማሻሻያ አለ። የቅድመ ፈተናችሁ ውጤት በየኬላችሁ ወዳለው የመድኃኒት ሣጥን ወዲያው ይተላለፋል። ያላወቃችሁትን መድኃኒት ሣጥኑ አይከፍትላችሁም። ዓርብ ድኅረ ፈተናውን ስታልፉ ይከፈታል። ለእናቶች ደኅንነት ሲባል ነው። ጥያቄ ያላት?"

 ደብሪቱ በልቧ ቆጠረች። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሦስት ቀን ነው፤ እሷ በምትሠራበት በሾላ በር ቀበሌ ብቻ ቀናቸው የደረሰ ሦስት እርጉዞች አሉ። እጇን ልታነሳ ፈለገች። ግን ምን ብላ? አውቀን ነው የሳትነው ልትል ነው? አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ጉልበቷን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ከለከለቻት። ዝም አይነቅዝም ብላ ያደገች ሴት ሁሉ በዚያ አዳራሽ አንገቷን ደፍታ ወለሉን አየች።

ሱራፌል ዓይኑን በሁሉም ላይ አዟዟረ። "ጥያቄ ከሌለ መልካም ሥልጠና" አለና ወረደ። ያውቅ ነበር። እንዴት አያውቅም? ሃያ ዓመት በተከታታይ በመቀነት የምትስት ሴት የትም አገር የለችም። ግን እሱ የሚመዘነው ባወቀው ሳይሆን መዝገቡ በሚለው ነው።

ረቡዕ ጥዋት የሾላ በር ጤና ኬላ በር እንደ ልማዱ ሦስት ጥያቄ ጠይቋት ተከፈተላት። እስከ ዓርብ ሥልጠናው የሚሰጠው በጆሮ ማዳመጫ ነውና ትምህርቱ ጆሮዋ ውስጥ ጀመረ፤ ሴት ድምፅ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ያለ። ትምህርቱን አቁሞ መሥራት አይቻልም፤ እየሠሩ መስማት ነው። ደብሪቱ አልጋውን እየጠረገች "ደም ምንድን ነው?" የሚለውን ምዕራፍ አንድ ሰማች።

ከጥዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። እማማ ሰዒዳ ምጥ የያዛትን ልጃቸውን ሐያትን ደግፈው አወረዱ። ደብሪቱ ወዲያው አወቀቻቸው። እማማ ሰዒዳ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው። ታላቂቱ ዘሐራ ከሰባት ዓመት በፊት እዚሁ ክፍል፣ እዚሁ አልጋ ላይ ወልዳ ደም ፈሷት ሞታለች። ያኔ ደብሪቱ ዓርባውን ሙሉ ለቅሶ ቤት ስትመላለስ እማማ ሰዒዳ ነበሩ እሷን ያጽናኗት። "የምታውቂውን ሁሉ አድርገሻል፤ ቀሪው የአላህ ነው" ብለዋት ነበር። ያቺ ቃል ባትኖር ኖሮ ደብሪቱ ሥራውን ያኔውኑ ትተወው ነበር።

"አብሽሪ ልጄ፣ ደብሪቱ እጅ ላይ ነሽ" አሉ እማማ ሰዒዳ የሐያትን ላብ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "አይዞሽ።"

ምጡ ደህና ሄደ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ወዲያው አለቀሰ፤ እማማ ሰዒዳም አብረው አለቀሱ። እንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ደብሪቱ እፎይ ልትል አፏን ስትከፍት ከሐያት በታች የተነጠፈው ነጭ ላስቲክ ቀላ። ከዚያ ሞላ። ከዚያ ከአልጋው ጠርዝ ወደ ወለሉ ይንጠባጠብ ጀመር። ጆሮዋ ውስጥ ያለችው ሴት ምዕራፍ ሁለትን ጀምራለች፤ "የደም መፍሰስ ማለት ደም ከሚገባው በላይ ሲፈስ ነው።"

በዚያች ደቂቃ ደብሪቱ ሃያ ዓመት ሙሉ የምትሠራውን ትሠራለች ተብሎ ይጠበቃል። የሆነው ግን ሌላ ነው።

"እማማ፣ መቀነትዎን ይፍቱ" አለች። "ሆዷን ጥብቅ አድርገው ይሰሩልኝ።"

እማማ ሰዒዳ አልጠየቁም። ሕፃኑን ከሐያት ጎን አስተኝተው፣ መቀነታቸውን ፈትተው፣ በልጃቸው ሆድ ላይ ዙሪያውን ጠመጠሙና ሳቡት። ደሙ አልቆመም። ደብሪቱ ቆማ አየችው። ማን ነው እንዲህ ያለው? ብላ አሰበች፤ የሰማችው የራሷን ድምፅ ነበር። ሃያ ጊዜ በጣቷ የነካችው መልስ፣ እውነተኛውን ቀድሞ ከአፏ ወጥቷል። 

"ይፍቱት! ይፍቱት፣ አይደለም!" ብላ ራሷ መቀነቱን ጎትታ ጣለችና እጇን ከሐያት እምብርት በታች ቀብራ ማሸት ጀመረች። ማህፀኑ እንደ ሊጥ ልል ነበር። ስታሸው ትንሽ ይጠጥርና እጇን ስታላላ መልሶ ይለሰልሳል። መርፌው ያስፈልጋል።

በአንድ እጇ እያሸች ሌላ እጇን ወደ ሣጥኑ ዘረጋች። መዳፏን ለጠፈችበት።

"ወይዘሮ ደብሪቱ ይመር" አለ ሣጥኑ፣ ጨዋ በሆነ አነጋገር። "ይህን መድኃኒት ለመጠቀም የሚያበቃ ዕውቀት የለዎትም። ዓርብ ይሞክሩ።"

ብረት ነው፣ አይሰበርም። ቢሰበርም የተመታ ሣጥን ውስጡ ያለውን ሁሉ በራሱ ያበላሻል። አምቡላንስ ጠራች፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል አሏት። ሐያት ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚበቃ ደም አልነበራትም። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ "እማ፣ ብርድ ብርድ አለኝ" ትላለች።

ደብሪቱ ለመዛኙ ደወለች። ሱራፌል በግድግዳው መስታወት ላይ ብቅ አለ፤ ከኋላው ነጭ ክፍል፣ ፊቱ እንደ ማክሰኞው ንጹሕ።

"ሣጥኑን ይክፈቱልኝ። ሴትዮዋ እየሞተችብኝ ነው።"

"ወይዘሮ ደብሪቱ፣ እንደምን ዋሉ? መዝገቡን እያየሁት ነው። ጥያቄ ዐሥራ አንድን አላወቁትም።"

"አውቀዋለሁ።"

"ትናንት አላወቁትም።"

"አውቄ ነው የሳትኩት! ሁላችንም አውቀን ነው የምንስተው፣ እርስዎም ያውቃሉ። ሃያ ዓመት ነው የማውቀው። አሁን ይክፈቱ።"

እማማ ሰዒዳ ሕፃኑን አቅፈው ከግድግዳው ሰውዬ ወደ ደብሪቱ፣ ከደብሪቱ ወደ ሰውዬው ያያሉ።

ሱራፌል ከመዝገቡ ዓይኑን አነሣ። "ይህን እንዳልሰማሁት ልቁጠረው" አለ። "ብሰማው እርስዎ ለውጥ የለሽ ነዎት፤ ለለውጥ የለሽ ደግሞ ሣጥኑ ፈጽሞ አይከፈትም። አሁንም፣ ዓርብም። ገባዎት? እኔ ልከፍትልዎ የምችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። በሥልጠናው መሐል ዕውቀት ያገኘች ሠልጣኝ ልዩ ፈቃድ ይሰጣታል። ማስረጃው ምስክርነት ነው። ሃያ ሰከንድ ይበቃል። እየቀረጽኩ ነው።"

"ምን ብዬ?"

"ከሥልጠናው በፊት እንደማያውቁ፣ አሁን እንዳወቁ፣ እናቲቱንም እንዳዳኑ።"

"ገና አላዳንኳትም እኮ!"

"ሲያድኗት እውነት ይሆናል። ይህን የምለው ለክፋት አይደለም፤ እኔም እመዘናለሁ።"

አቤት፣ ንዴት ሰውን የሚገድል ቢሆን ኖሮ ደብሪቱ እዚያው ድፍት ባለች። ንዴቷን ዋጠችው። እጇ ከሐያት ሆድ ላይ ሳይነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አቀናች።

"ስሜ ደብሪቱ ይመር ይባላል። ከዚህ ሥልጠና በፊት ደም የሚፈሳትን እናት ማዳን አላውቅም ነበር። ዛሬ በሥልጠናው ባገኘሁት ዕውቀት አንዲት እናት አድኛለሁ።"

"ፈገግታ ቢኖረው ጥሩ ነበር" አለ ሱራፌል። "ግድ የለም።"

ሣጥኑ ተከፈተ። መርፌውን ወጋቻት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማህፀኑ ከእጇ ሥር እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ደሙ ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመ። ሐያት ዓይኗን ገልጣ ልጄን አሳዩኝ አለች። ደብሪቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ምዕራፍ ሁለት ጆሮዋ ውስጥ እየተጠናቀቀ ነበር፤ ማጠቃለያውን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ዓርብ ድኅረ ፈተናውን ያለ አንድ ስህተት አለፈች። ለውጧ በወረዳው ታሪክ ከፍተኛው ሆኖ ተመዘገበ። የሣጥኑ ማሻሻያም ውጤቱ በእሷ ምስክርነት በተግባር ስለታየ በሁሉም ወረዳ እንዲጸና ተወሰነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተቀረጸው የደብሪቱ ፊት፣ ጉንጯ ላይ ደም እንዳለ፣ በገበያው ሰሌዳ ላይ፣ በባጃጆቹ መስኮት ላይ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ "አላውቅም ነበር" ሲል ይውላል። የዚያን ዓርብ ሠላሳዎቹ ባልደረቦቿ ከአዳራሹ ሲወጡ አንዳቸውም ሰላም አላሏትም። አንዷ ብቻ በአጠገቧ ስታልፍ "ጥሩ አድርገሽ ሣጥኑን ቆለፍሽብን" አለቻት። 

ሰባተኛው ቀን የሕፃኑ ስም የሚወጣበት ነው። እማማ ሰዒዳ ጠርተዋት ነበርና ደብሪቱ ንጹሕ ለብሳ፣ ለአራስ የሚሆን ቅቤ ይዛ ሄደች። ስትገባ የሴቶቹ ወሬ ቆመ። የቀበሌው ሴቶች ናቸው፤ ግማሾቹን ያዋለደቻቸው እሷ ነች። ሦስት ወር የቀራት አንዲት እርጉዝ ሴት ደብሪቱ ስትቀመጥ ተነሥታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ሐያት ግን ከአልጋዋ ሆና ፈገግ አለችላትና ሕፃኑን አሳቀፈቻት።

እማማ ሰዒዳ መጥተው አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የተቆጡ አይመስሉም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

"ደብሪቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትቀየሚኝ።"

"ይጠይቁኝ እማማ።"

"ለፈተናው አላውቅም ብለሻል። ለሰውዬው አውቃለሁ አልሽው። መልሰሽ ደግሞ አላውቅም ነበር አልሽ። ይኸን ሁሉ ቆሜ ሰምቻለሁ። እኔ የቱን ልያዝ?"

"አውቅ ነበር እማማ። ከጥንትም አውቃለሁ። ያንን ያልኩት ሣጥኑ እንዲከፈት ነው። አይተውኛል እኮ።"

"አየሁሽ" አሉ። "ሐያትን እንዳዳንሻት አየሁ፤ አላህ ይስጥልኝ። ግን መጀመሪያ መቀነቴን አስፈታሽኝ። ቀጥለሽ አይደለም ብለሽ ጣልሽው። ለምንድን ነው?"

ደብሪቱ የሕፃኑን መጠቅለያ አስተካከለች። "ተሳሳትኩ" አለች። "ፈተናው ላይ የምነካው መልስ ነው። ሁልጊዜ ስነካው ኖሬ... ቀድሞ ወጣ። ወዲያው ነቃሁ።"

"ወዲያው ነቃሽ" አሉ እማማ ሰዒዳ። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ደባበሱ። "የዘሐራ ጊዜም አስፈትተሽኝ ነበር። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ያኔ ሕክምናው በዚያ የሚጀመር መስሎኝ፣ እኔው ነኝ በእጄ ጥብቅ አድርጌ ያሰርኳት።"

ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ ወደ ደብሪቱ ዞረች። ሐያት ከአልጋዋ ቀና አለች።

ደብሪቱ ያንን ቀን በዓይነ ሕሊናዋ ፈለገችው። አልጋውን አገኘችው። ዝናቡን፣ የዘሐራን እጅ፣ ያልደረሰውን አምቡላንስ አገኘች። መርፌውን እንደወጋቻት ታስታውሳለች። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ብትፈልገው፣ ብትፈልገው የለም። እስከዚያ ድረስ ዐሥራ ሦስት ጊዜ ፈተናውን በመቀነት ስታ ነበር።

"ለምን ያህል ጊዜ ታስሮ ቆየ?" ብላ ጠየቀች። ድምፁ የሷ አይመስልም ነበር።

"እኔ ምን አውቃለሁ? የተማርሽው አንቺ ነሽ" አሉ እማማ ሰዒዳ። "እኔ የምጠይቅሽ ይኸንኑ ነው። ያኔስ ወዲያው ነቅተሻል ወይ?"

ደብሪቱ የሕፃኑን ፊት አየች። አዎ ብትል ያምኗት ይሆናል፤ እማማ ሰዒዳ አጠገቧ የተቀመጡት ለማመን ነበር፤ ዓይናቸው እባክሽ ይላል። ሃያ ዓመት በውሸት ስትላት የኖረችው ቃል ብቻ ቀረቻት።

"አላውቅም" አለች።

 እማማ ሰዒዳ ተነሥተው ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰዱና ለሐያት ሰጡ። ገንፎው ቀርቦ ነበር። ማንኪያው ዙሪያውን ለሴቶቹ ሲታደል ደብሪቱ ጋ ሲደርስ አለፋት፤ እሷም እጇን አልዘረጋችም።